ስለ ሕንዶች የእጅ ሰላምታ

በሕንድ አገር ሰው ከሰው በተገናኘ ጊዜ ሁለት መዳፉን ገጥሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ «ናማስቴ» ይላል። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ ምንጩም ጎንበስ ማለት ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ «እጅ እነሣለሁ» እንደ ማለት ነው። የእጁ አገጣጠም ግን «አንጃሊ» ይባላል።

ከ1,500 ዓመት የበለጠ ዕድሜ እንዳለው የሚታመነው «ናትያሻስትራ» የተባለው የቴአትርና የውዝዋዜ መጽሐፍ የእጁን ከፍታ በማዕርግ ወስኖታል፤ ለአማልክት በራስ ላይ፣ ለመምህር በፊት አንጻር፣ ለወዳጅ በደረት ላይ። ስለዚህ ተመልካች የእጁን ሥፍራ አይቶ የተከባሪውን ማዕርግ ይለይ ነበር፤ ደረጃን ጠንቅቆ ለሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በዛሬው የዮጋ ትምህርት ግን ነገሩ ተለውጧል። ትምህርቱ ሲፈጸም መምህሩም ተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣታቸውን ከደረታቸው አስጠግተው እኩል ጎንበስ ይላሉ። መጽሐፉ ለወዳጅ የመደበው ሥፍራ ለመምህሩም ደረሰው።