ሦስት ስም የማይበቃው የዘር ቆጠራ

መታወቂያ ሦስት ስም ይይዛል፤ የባለቤቱን፣ የአባቱንና የአያቱን። ለባንክም ለፍርድ ቤትም ይበቃል። ለዘር ቆጠራ ግን አይበቃም፤ በሦስቱ ስሞች ውስጥ አንዲት እናት እንኳ የለችም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንጎለላ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ጋር የሸዋ መናገሻ ነበረች፤ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ነው። ከዚህ አካባቢ የወጣ ቤተሰብ ዛሬ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም አለ። በዓመት አንድ ቀን የሚሰበሰበውም ጥቂት አይደለም። አንዱ የጽዋ ማኅበር ይለዋል፣ ሌላው የቤተሰብ ቀን። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በጸሐፊው እጅ ደግሞ የመጣ፣ የቀረ፣ የተወለደና ያረፈ የሚጻፍበት መዝገብ አለ። ይህ ደብተር ተራ የመዋጮ መቆጣጠሪያ ይመስላል። በእርግጥ ግን ትልቅ ሥራ ወርሷል፤ ሥራውን ያወረሰውም ርስት ነው።

ርስት ማለት በአቅኚው አባት ስም በሚጠራ መሬት ላይ ከእሱ ዘር የተወለደ ሁሉ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበር። ይህ መብት በአባት ብቻ አልመጣም። በእናትም፣ በሴት አያትም፣ ከዚያ በላይ ባሉ ሴቶችም ይመጣ ነበር። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ያሳየው ይህንኑ ነው። ርስት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ እስከ አቅኚው መድረስ ነበረበት። መሐል ላይ አንዲት ሴት ከጠፋችበት መሬቱም ይጠፋበታል። «በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የሚለው ተረት የቆመው በዚህ ትዝታ ላይ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋም ዘርና መሬት እንዲሁ የተጣመሩ ነበሩ። መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድርና መንዝ ጌራ ምድር ዛሬ የወረዳ ስሞች ናቸው። በአገሬው ትውፊት ግን ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ ሰዎች ነበሩ። የሰው ስም የምድር ስም ሆኖ ቀረ።

ሌላው ምክንያት ጋብቻ ነበር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም፤ ስለዚህ ከቅድመ አያት በላይ ምንጅላት፣ እንጅላት እያሉ የሚወጡ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ያስፈልጉ ነበር። ይህም ቆጠራ በሁለቱም ወገን ነው፤ የእናትን ወገን ሳይቆጥሩ ዝምድናን ማጣራት አይቻልም።

እናት በዘር ቆጠራ ውስጥ ምን ያህል እንደምትከብድ ለማየት ከሸዋ ነገሥታት ቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዛሬው መታወቂያ ልክ ቢጻፉ ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል ይሆናሉ። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚያገናኛቸው ሰው ግን ከሦስቱ ስሞች ውስጥ የለም። እሷ የራስ መኮንን እናት፣ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ተናኘወርቅ ናት። የአባት ስም ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ቢሆን ኖሮ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ሐረግ ተቆርጦ ይቀር ነበር። በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ የተባሉት ልጅ ኢያሱም ከምኒልክ የሚወለዱት በእናታቸው በሸዋረጋ ነው።

ይህን ሁሉ ትዝታ በሕይወት ያቆየው ጥቅም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ። ገባር ለነበረው ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ለርስት ሙግት ሲባል በየችሎቱ የሚጠፋው ዕድሜና ገንዘብም ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን እስከ አሥር ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ዳኛ ፊት የሚጠራው ጠፋ። ሽማግሌው ሲያርፍ የሚያውቀው አብሮት ተቀበረ። አስቀድመው የተረሱትም ሴቶቹ ናቸው፤ የወንዶቹን ስም ቢያንስ የልጆቻቸው ስም ይሸከመዋል።

የመንግሥት ምዝገባ ክፍተቱን ይሞላል እንዳይባል ገና ወጣት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የልደት ምዝገባ የእናትን ስም መያዙ ጥሩ ነው። ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ከዚያ በፊት ለተወለደው ትውልድ ያለው መዝገብ በአብዛኛው ቤተሰቡ የያዘው ነው።

የተሻለ ዕድል ያጋጠማቸው አገሮች አሉ። አይስላንዶች የትውልድ መዝገባቸውን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ስላቆዩ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ሁሉንም ያሰባሰበ የዘር መዝገብ በኢንተርኔት ተከፈተላቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን አነካክተው ዝምድናቸውን የሚያጣሩበት መተግበሪያ ወጣ። እኛ ሰባት ቤት የምንለውን እነሱ በስልክ ቆጠሩት። ልዩነቱ የእነሱ ተጽፏል፣ የእኛ በአብዛኛው በቃል ነው።

የተጻፈውም ቢሆን በአንድ ቅጂ፣ በአንድ ሰው ቤት፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዋስትና የለውም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚሁ ዞን የምትገኘው አጣዬ ስትቃጠል ሕዝብ ምን ያህል በፍጥነት ቤቱን ጥሎ እንደሚሸሽ ታይቷል። የሚሸሽ ሰው ልጁን ያነሣል እንጂ ደብተር አይፈልግም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። አንድ ሰው በሦስት ስም ሊገኝ ይችላል። ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ናቸው። ስሞቹን አንድ ላይ ያልጻፈ ጸሐፊ አንዱን አያት ሦስት ሰው ያደርገዋል። የትውልድ ዘመን የማያውቅ አዛውንትም ሲጠየቅ ዘመኑን በዘመን ይነግራል። አያቱ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ሕፃን ነበሩ ወይስ ጎልማሳ? እናቱ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ በፊት ተወለዱ ወይስ በኋላ? ጣሊያን ሲገባ የበኩር ልጅ ተወልዶ ነበር? እንዲህ ሲጠየቅ ዘመኑ በግምት ይገኛል። ከዚያ የእያንዳንዷ እናት ስም ከነአባቷና ከነመንደሯ ይጻፍ፤ ማን እንደተናገረውም ይጨመር። ገጹ በስልክ ፎቶ ይነሣና ቅጂው ቢያንስ በሦስት ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ከዞኑ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ዛሬ «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሰው በሚያስፈራበት ጊዜ የዘር መዝገብ አያስፈልግም፣ እንዲያውም እሳት ላይ ቤንዚን ነው የሚል ይኖራል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ የአባት ወገንን ብቻ እየመዘዘ አንድ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ መዝገብ ለዚህ ይመቻል። በሁለቱም ወገን የተቆጠረ ሐረግ ግን አይመችም። አንጎለላ የአቢቹ ኦሮሞ ምድር ከተጉለትና ከመንዝ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር፤ ጋብቻውም እንደ አቀማመጡ ነው። ሸዋረጋ ምኒልክ መጀመሪያ የራስ ጎበና ዳጬን ልጅ ወዳጆን አገባች፣ በኋላ ደግሞ ከወሎ የእስልምና መሪዎች ቤት የተወለዱትን፣ ቀድሞ መሐመድ ዓሊ የሚባሉትን ራስ ሚካኤልን። በአንዲት ሴት ስም የሸዋ አማራ፣ የቱለማ ኦሮሞና ወሎ ተገናኙ። ስሟን ከመዝገቡ ያወጣ ሰው ሦስት የማይተዋወቁ ቤቶች ይቀሩታል።

የጫጫ ልጆች በሚቀጥለው ስብሰባቸው መዋጮውን ከሰበሰቡ በኋላ አንድ ገጽ ቢጨምሩ፣ ገጹን የሚጀምሩት በአያቶቻቸው እናቶች ቢሆን መልካም ነው። የአባቶቹን ስም የልጆቹ መታወቂያ ለጊዜው ይዞታል፤ የእነሱን የያዘ ሌላ የለም።