ከካሳራኒ እስከ ዊልሰን፦ ወጣቶች ወደ አቪዬሽን የሚገቡባቸው በሮች

ካሳራኒ ሲባል የብዙዎች ሐሳብ የሚሄደው ወደ ስታዲየሙ ነው። በናይሮቢ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቲካ አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው ይህ ሠፈር በ1987 (እ.አ.አ) የመላው አፍሪካ ጨዋታዎችን ካስተናገደ ወዲህ ከስፖርት ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። አውሮፕላን ማብረር ለሚመኝ የሠፈሩ ወጣት ግን ጉዞው የሚያመራው ወደ ሌላኛው የከተማዋ ጫፍ ነው። በአንድ ማታቱ እስከ መሐል ከተማ፣ በሌላው ደግሞ በላንጋታ መንገድ ተጉዞ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። መንገዱ ረጅም አይደለም። ከዊልሰን አጥር ውጭ በቆመ ወጣትና በአብራሪው ወንበር መካከል ያለው ርቀት ግን በኪሎ ሜትር አይለካም፤ የሚለካው በገንዘብ፣ በመረጃና በአርአያ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀደሙት መንገደኞች

ዊልሰን ስያሜውን ያገኘው ከአንዲት ሴት ነው። ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን በ1929 ዊልሰን ኤርዌይስ የተባለውን ኩባንያ በናይሮቢ መሠረተች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1927፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረራ ክበብ ተቋቁሞ ነበር፤ ክበቡ ዛሬም በዊልሰን ይገኛል። በኬንያ ያደገችው ቤሪል ማርክሃም ደግሞ በመስከረም 1936 ከእንግሊዝ ተነሥታ፣ ብቻዋን አትላንቲክን ወደ ምዕራብ አቋርጣ ካናዳ ደርሳለች። በ1957 የተመሠረተው አምሬፍ ዋና ሠፈሩን በዊልሰን አድርጎ ሐኪም ወደማይደርስባቸው ቦታዎች ሐኪሞችን በአውሮፕላን ማመላለስ ጀመረ። ከእነዚህ የበረራ ዶክተሮች መካከል ስመ ጥር የሆነችው አን ስፖሪ ማብረር የተማረችው በአርባዎቹ ዕድሜዋ ነበር። የእርሷ ታሪክ ለበረራ ልጅነት ብቻ መመዘኛ አለመሆኑን ያሳያል።

ያ ዘመን ግን የቅኝ ግዛት ዘመን ነበርና በሩ ለአብዛኛው ኬንያዊ ዝግ ነበር። ኬንያ አየር መንገድ በ1977 ከተቋቋመ በኋላ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ተለወጠ። አይሪን ኮኪ ሙቱንጊ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ ሆነች፤ በ2014 ደግሞ የቦይንግ 787 ድሪምላይነር ካፒቴን በመሆን ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚ ተባለች። አባቷም አብራሪ ነበሩ። አብራሪ በቤቷ ማየቷ የቱን ያህል እንደጠቀማት መገመት አያዳግትም። ጥያቄው አብራሪ በቤተሰቡ አይቶ የማያውቀው ልጅ ያንን አርአያ ከየት ያገኛል የሚለው ነው።

በኢትዮጵያም ታሪኩ ሩቅ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1929 ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ሙሉእመቤት እምሩ በኢትዮጵያ የበረራ ሥልጠና ከወሰዱት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ የአገሪቱን አነስተኛ አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ወጣት ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኗል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ አደረገ። ከስድሳ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በ2010፣ የባሕር ዳር ተወላጇ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በኅዳር 2015 ደግሞ አየር መንገዱ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ወደ ባንኮክ አደረገ።

ምኞትና መሥፈርት

በዚያው በ2015 የብዙዎችን ትኩረት የሳበ ሌላ ኢትዮጵያዊም ነበር። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በቁመቱ ምክንያት ሳይሳካለት ቀረ። እርሱ ግን ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት እየተማረ በገዛ እጁ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። የሙከራ በረራው አልተሳካም። ታሪኩ ግን ሁለት ነገር ያስተምራል፦ ፍላጎት ያለ መደበኛ ትምህርት ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ፣ ደግሞም የት ላይ እንደሚቆም። ያልተመረመረ አውሮፕላን ማብረር ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ሕጉም ጥብቅ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያስቀመጣቸው ዝቅተኛ መሥፈርቶች ግልጽ ናቸው። የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 17 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። ለንግድ አብራሪነት 18 ዓመትና በመደበኛው መንገድ 200 የበረራ ሰዓት፣ የአየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን የሚያበቃውን ከፍተኛ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። አገሮች ከዚህ የጠበቀ መሥፈርት ሊያወጡ ይችላሉ። ብዙ ተማሪዎችም ከዝቅተኛው ሰዓት በላይ ይፈጅባቸዋል።

ሸክሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት የአውሮፕላን ኪራይ፣ የነዳጅና የአሠልጣኝ ክፍያ አለበት። ለልጃቸው ትምህርት መሬት የሚሸጡ ወይም የሚበደሩ ወላጆች አሉ። ስለዚህ የቅደም ተከተሉ ነገር ወሳኝ ነው፦

በመጀመሪያ የሕክምና ምርመራ። ለንግድ በረራ አንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን የሕክምና ምስክር ወረቀት ግድ ነው። መነጽር ማድረግ በራሱ አይከለክልም፤ ቀለም የመለየት ችግርና አንዳንድ የልብ ሕመሞች ግን ሊያግዱ ይችላሉ። ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ ይህን ማወቅ ከባድ ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ሕጋዊነት። በኬንያ ማሠልጠኛው በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ መሆኑን ከባለሥልጣኑ ራሱ ማረጋገጥ ይገባል። ክፍያን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ከሥልጠናው ጋር እያስኬዱ መክፈል ይመረጣል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታቸው ተመዝኖ ቢያንስ አራተኛውን እርከን ማለፍ አለባቸው።

አብራሪነት ብቻ አይደለም

አንድ አውሮፕላን ሲነሣ ተሳፋሪው የሚያየው አስተናጋጆችንና፣ ዕድል ከቀናው፣ አብራሪዎቹን ነው። ከጀርባ ግን ሞተሩን የፈተሸ ቴክኒሻን፣ መንገዱን ያቀደ የበረራ ኦፕሬሽን ባለሙያ፣ የአየሩን ጠባይ የተነበየ ሜትሮሎጂስት፣ ማኮብኮቢያውን የፈቀደ ተቆጣጣሪ አሉ። በ1954 የተመሠረተውና በናይሮቢ ኤምባካሲ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ ሙያዎችን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ደግሞ ቀድሞ አካዳሚ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አብራሪዎችን፣ የጥገና ባለሙያዎችንና የበረራ አስተናጋጆችን ያሠለጥናል፤ አየር መንገዱ ለራሱ ከሚያዘጋጃቸው ሌላ ከተለያዩ አገሮች በራሳቸው ወጪ የሚመጡትንም ይቀበላል። የበረራ ሰዓት መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ልጅ የጥገና ሙያ ወደዚሁ ዓለም የሚያስገባ፣ ወጪውም የሚቀንስ መንገድ ነው።

በትርፍ ጊዜ

ፍቅሩን የሚያጸና ነገር ሁልጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ አይገኝም። በአሜሪካ በ1992 የተጀመረው ‘ያንግ ኢግልስ’ የተባለው ፕሮግራም ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 የሆኑ ልጆችን በበጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች አማካይነት በነጻ ያበርራል፤ እስካሁን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን አሳፍሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ ምድርን ያየ ልጅ የፊዚክስ ደብተሩን በሌላ ዓይን ያያል።

በካሳራኒም ሆነ በጎንደር ያለ ወጣት እንዲህ ያለ ዕድል ባያገኝ እንኳ በአነስተኛ ወጪ የሚጀምረው ነገር አለ። ከካርቶንና ከቀላል እንጨት የሚሠሩ የአውሮፕላን ሞዴሎች ክንፍ ለምን እንደሚያነሣ ከመጽሐፍ በተሻለ ያስረዳሉ። በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ የበረራ ማስመሰያዎች የመሣሪያዎችን ንባብ ያስተምራሉ። በድሮን ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በኬንያም በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ማብረር ያስቀጣል። የአውሮፕላን ማረፊያዎችን ፎቶግራፍ ማንሣትም ሳይጠይቁ የሚደፍሩት ነገር አይደለም።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሰባት ቀን (እ.አ.አ) የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ቀን ይከበራል። መምህራንና የወጣት ማኅበራት አንድ ቴክኒሻን ወይም ተቆጣጣሪ ጋብዘው ከተማሪዎች ጋር ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይኖርም። አርአያውን በቤቱ ያላገኘ ልጅ በክፍሉ ሊያገኘው ይችላል።