ዓባይና «አሬስት»፦ የአንድ ግሥ ታሪክ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) በአዲስ አበባ ከተማ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ በኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን መካከል አንድ የወሰን ውል ተፈረመ። ውሉ አምስት አንቀጾች ያሉት አጭር ሰነድ ነው። ከአምስቱ አንዱ፥ ይኸውም 3ኛው አንቀጽ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የክርክሩ እንብርት በእንግሊዝኛው ቅጂ የተጻፈው «አሬስት» የተባለ ግሥ ነው። ይህን ግሥ እንግሊዝኛ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትርጉሙን ቢጠየቅም «አሰረ» ብሎ ለመመለስ አያመነታም። ነገር ግን በዚህ አንቀጽ ውስጥ የተጠቀሰው እስረኛ ሰው ሳይሆን የዓባይ ውሃ ነው።

ውሉ በተፈረመበት ዘመን ይህ ቃል የት ላይ እንደሚፈተን አስቀድሞ ለማወቅ የሚቻል አልነበረም። ዛሬ ግን ስፍራው ታውቋል። ዓባይ የኢትዮጵያን ምድር ለቆ ወደ ሱዳን በሚገባበት አቅራቢያ፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ፥ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ስለዚህ የዚህን ግሥ ትርጉም መመርመር የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ርእሰ ከተማው አሶሳ የሆነውን የዚህን ክልል ታሪክ ከሥሩ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ግሡና ተሳቢዎቹ

«አሬስት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው። ሥሩ ግን «ሬስታሬ» የሚለው የላቲን ግሥ ሲሆን፥ ፍችውም ወደ ኋላ መቅረት፥ ባሉበት መቆም ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉ ጥንተ ትርጉም ሰውን ወኅኒ ማስገባት ሳይሆን የሚንቀሳቀሰውን ነገር ማቆም ነው። ሰውን በሕግ ኀይል መያዝ ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ በዕለታዊ አነጋገር ግን ቅርንጫፉ ግንዱን እስከ መሸፈን ደርሷል።

ግሡ የሚፈታው በተሳቢው ነው። ተሳቢው ሰው ሲሆን ትርጉሙ «መያዝ» ይሆናል። በዚህም ረገድ የኢትዮጵያ ሕግ ጥንቃቄ አድርጓል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን፥ በአንቀጽ 21 ደግሞ በፍርድ የታሰሩትን ለያይቶ ይጠቅሳል። የእንግሊዝኛው «አሬስት» የመጀመሪያው እንጂ የሁለተኛው አይደለም። ተሳቢው በሽታ ሲሆን ግሡ «መግታት» ይሆናል። ልብ ሲሆን ሐኪሞች እንደሚሉት «መቆም» ነው። ተሳቢው መርከብ ሲሆን ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከወደብ እንዳይወጣ «ማገድ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በብራስልስ የተፈረመው የመርከቦች እገዳ ስምምነት በእንግሊዝኛው ቅጂ ይህንኑ ቃል ሲይዝ፥ የፈረንሳይኛው ቅጂ ግን የዚያው ቃል ወንድም በቋንቋው እያለለት እርሱን ትቶ ስለ ንብረት መያዝ የሚነገረውን የሕግ ቃል መርጧል። ቃላት ዘመዳሞች ቢሆኑም በሕግ ፊት ሥራቸው አንድ ላይሆን እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ተሳቢው ውሃ ሲሆንስ? አማርኛ በዚህ በኩል ድሀ አይደለም፤ እንዲያውም ሀብቱ ለተርጓሚው ፈተና ይሆንበታል። «ገታ» የሚለው ልጓም የተሳበችን በቅሎ ያስታውሳል፤ የተገታች በቅሎ ትቆማለች ወይም ፍጥነቷን ትቀንሳለች። «ገደበ» ወሰን ማበጀት ነው፤ «ገደብ» የሚለው ስም ከዚሁ ይወጣል። «አቆረ» የሚፈሰውን ሰብስቦ ማጠራቀም ነው፤ የተጠራቀመው ግን መልሶ ሊለቀቅ ይችላል። «ደፈነ» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ጕድጓድ በአፈር ተሞልቶ እንደሚጠፋ፥ መተላለፊያን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱን የሚመርጥ ተርጓሚ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ ፍርድ እየሰጠ ነው።

ቤላ ሻንጉልና የወሰኑ ውል

ውሉ እንዴት እንደ ተወለደ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በምዕራቡ ጠረፍ ቤላ ሻንጉል፥ አሶሳና ሆሞሻ በየራሳቸው ሼሆች የሚተዳደሩ፥ በወርቃቸው የታወቁ ግዛቶች ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደዚያ ዘምተው አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት አስገበሩ። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ ወርቅ እየገበሩ ለረጅም ዘመን አስተዳድረዋል። በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ስማቸውን ያስጠራል።

በዚያው ወራት የሱዳን ሁኔታ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1898 የመሐዲስቶች ጦር በኦምዱርማን ተሸነፈ፤ በጃንዋሪ 1899 ደግሞ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጣምራ አገዛዝ ሥር ዋለች። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ጎረቤቶች ወሰናቸውን መለየት ግድ ሆነባቸው። የ1894ቱ ውል 1ኛ አንቀጽ የወሰኑን መሥመር ሲዘረዝር አሶሳና ቤላ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ሆኑ። 3ኛው አንቀጽ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ስለሚሠራ ሥራ የገቡትን ግዴታ ያዘ። ምድሩና ውሃው በአንድ ሰነድ ታሠሩ ማለት ነው።

በጠረፉ የሚኖሩት የበርታና የጉሙዝ ሕዝቦች ቋንቋዎች በሰነዱ ውስጥ ስፍራ አልነበራቸውም። በአሶሳ ገበያ ነጋዴውን ከነጋዴ ያግባባ የነበረው ዐረብኛም እንዲሁ። ስለ ወንዛቸው የተጻፈው በሁለት የሩቅ ከተማ ቋንቋዎች፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር።

ሁለት ቅጂ፥ ሁለት ተሳቢ

የእንግሊዝኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ፥ ወደ ናይል የሚሄደውን የውሃ ፍሰት «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ በወንዞቹ ላይ እንዳይሠሩ ወይም እንዳያሠሩ ይላል። የአማርኛው ቅጂ ደግሞ ወንዝን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ይናገራል። ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሕጋዊ እንዲሆኑ ተዋዋዮቹ ተስማምተዋል።

ልዩነቱ ግሡ ላይ ብቻ ሳይሆን ተሳቢው ላይም ነው። የእንግሊዝኛው ዓይኑን የጣለው በፍሰቱ ላይ ነው፤ የአማርኛው በወንዙ መተላለፊያ ላይ ነው። ይሁንና ሁለቱም የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ በሁለቱም የተከለከለው ውሃው ወደ ታች እንዳይወርድ ፈጽሞ ማቆም ነው። በውሃው መጠቀምን ወይም መጠኑን መቀነስን በስሙ ጠርቶ የከለከለ ግሥ በአንዱም ቅጂ አይገኝም።

ኢትዮጵያ በግሥ ምክንያት ስትከራከር ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መሥራት «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣሊያንኛው ግን ይህን ፈቃድ ወደ ግዴታ ለውጦታል። የዚያ ግሥ ዋጋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተከፈለ። የዓባይ ውል ሲፈረም ከዐድዋ ገና 6 ዓመት ነበር። በውጫሌ ሁለቱ ቅጂዎች ይቃረናሉ፤ በዓባይ ውል ግን አይቃረኑም፤ ስፋታቸው ይለያያል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1969 በቪየና የተጻፈው የውሎች ሕግ ስምምነት ያስቀመጠው መርሕም፥ እኩል ተቀባይነት ያላቸው ቅጂዎች ሲለያዩና ሌላው የአፈታት ዘዴ ልዩነቱን ሳያስወግደው ሲቀር፥ የውሉን ዓላማ እያዩ ሁለቱን የሚያስታርቀውን ፍች መያዝ ነው።

ያልተጻፉት ግሦች

የአንድን ቃል ልክ ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ጸሐፊው ሊመርጣቸው ሲችል ያልመረጣቸውን ቃላት ማየት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ናይል ገባሮች ያደረጋቸው ሌሎች ውሎች ለዚህ መልካም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1891 ከኢጣሊያ ጋር በተደረገው ፕሮቶኮል፥ ኢጣሊያ በአትባራ ወንዝ ላይ ወደ ናይል የሚሄደውን ፍሰት በሚታወቅ መጠን የሚለውጥ የመስኖ ሥራ እንዳትሠራ ግዴታ ገብታለች። በዚያ ውል የተመረጠው ግሥ «መለወጥ» ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1906 ከኮንጎ ነፃ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት ደግሞ በሰምሊኪና በኢሳንጎ ወንዞች ላይ ወደ አልበርት ሐይቅ የሚገባውን ውሃ የሚያሳንስ ሥራ እንዳይሠራ ተጽፏል፤ ግሡ «ማሳነስ» ነው። እ.ኤ.አ. የ1929 የግብፅና የእንግሊዝ ስምምነትም ወደ ግብፅ የሚደርሰውን ውሃ መቀነስን፥ የሚደርስበትን ጊዜ መለወጥን፥ ከፍታውን ዝቅ ማድረግን አንድ በአንድ ቈጥሯል።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ፥ አንዱ ከአዲስ አበባው ውል 11 ዓመት ቀድሞ፥ ሌላው 4 ዓመት ዘግይቶ የተጻፉ ናቸው። የእንግሊዝ ዲፕሎማቶች ሰፊውን ግሥ ያውቁት ነበር፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ላይ የሰፈረው ግን ጠባቡ ነው። በሕግ ንባብ ደግሞ የተጻፈው እንጂ ሊጻፍ ይችል የነበረው አይፈረድበትም።

ከውሉ ወዲህ

ከዚያ በኋላ ግሡ በየዘመኑ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1927 የኢትዮጵያ መንግሥት በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ለማሠራት በአዛዥ ወርቅነህ እሸቴ አማካይነት ከአሜሪካው የጄ.ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ሲነጋገር፥ እንግሊዝ ይህንኑ ውል አስታውሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ኢትዮጵያ በግዛቷ በሚፈልቀው ውሃ የመጠቀም መብቷን በጽሑፍ አስታወቀች። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን 55.5ና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲካፈሉ ኢትዮጵያ በስምምነቱ አልነበረችበትም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሥራው ሲገፋ ክርክሩም ከውሃ ወደ ምድር ተሻገረ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ኢትዮጵያ የቀድሞ ውሎችን አልቀበልም ካለች በቤኒሻንጉል ላይ ያላት ሉዓላዊነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል የሚል መግለጫ አወጣ። በ1ኛው አንቀጽ የተጻፈው ወሰን የ3ኛው አንቀጽ ግሥ መያዣ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። የአሶሳ፥ የኩርሙክና የጉባ ነዋሪ ሳያውቀው የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፍች ዋስ ተደርጎ ተጠራ።

ግድቡ ውሃውን «አሬስት» አድርጓልን?

የጉባው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት አለው። የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን፥ ዓባይ በጠረፉ ላይ በአማካይ በዓመት የሚያሳልፈው ውሃ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ግድቡ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ለመሆኑ ዓይን ይመሰክራል። ስለዚህ የአማርኛው ቅጂ ብቻውን ለኢትዮጵያ ይከራከርላታል ብሎ መዝናናት አይገባም፤ «ከዳር እስከ ዳር» የሚለውን ነጥሎ የሚያነብ ሙግተኛ በዚሁ ቅጂ ሊጠቅስባት ይችላልና።

መልሱ የሚገኘው ሐረጉን ከግሡ ጋር በማንበብ ነው። የኤሌክትሪክ ኀይል የሚገኘው ውሃው ተርባይኑን እየመታ ሲያልፍ ነው፤ የቆመ ውሃ ብርሃን አይሰጥም። ሙሌቱ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሲጀመርም ሆነ በተከታዮቹ ክረምቶች ውሃው ወደ ሱዳን መውረዱን አላቋረጠም። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኀይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ይህ ሥራ በአማርኛ ማቆር፥ መገደብ፥ ቢበዛም መግታት ይባላል፤ መድፈን ግን አይባልም። በእንግሊዝኛውም ቢሆን የፍሰቱ ጊዜ ተስተካከለ እንጂ ፍሰቱ «አሬስት» ተደረገ ለማለት አያስደፍርም። የክረምቱን ጎርፍ በከፊል ለበጋ ማቆየት በ1929ኙ ስምምነት ግሦች ቢመዘን ሊያከራክር ይችላል፤ ኢትዮጵያ ግን ያንን ስምምነት አልፈረመችም።

ይህ ሲባል የውሃው ጉዳይ በግሥ ብቻ ይዘጋል ማለት አይደለም። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የተፈረመው የመርሖች መግለጫ ሦስቱን አገሮች ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀምን፥ ጕልህ ጉዳት አለማድረስን እንዲያከብሩ ይጠይቃል። የታችኛው ተፋሰስ ገበሬ የድርቅ ዓመት ስጋትም በሰዋስው የሚፈታ አይደለም። ግሡ ሊመልስ የሚችለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም በ1894 ዓ.ም. የተሰጠው ቃል ምን ነበር የሚለው ነው።

የአማርኛ ሰዋስው ሊቃውንት ዐረፍተ ነገርን የሚቋጨውን ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ስያሜው ለዚህ ታሪክ የተበጀ ይመስላል፤ አንድ ግሥ ሁለት መንግሥታትን፥ አንድ ወንዝንና አንድ ክልልን አስሮ ኖሯልና። እንግዲህ ሕግ የሚያረቅ፥ ውል የሚተረጉም ወይም ቋንቋ የሚያስተምር ሁሉ «አሬስት»ን ባገኘ ጊዜ በመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ፍች ሳይረካ ተሳቢውን ይጠይቅ፤ የተከለከለው ምን እንደ ሆነ፥ ያልተከለከለውም ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይለይ። ከጉባ ወደ ሱዳን የሚወርደው ውሃ፥ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሳይጠብቅ፥ ዛሬም ይወርዳል።