የሌሊት ምግብ በላሊበላና በላስታ

የሌሊት ምግብ ከራት በኋላ፣ ከመኝታ በፊት ወይም ከእንቅልፍ ተነሥቶ የሚበላ ምግብ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን በሚገኙት በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ የሌሊት ምግብ በአብዛኛው እሳት ሳይነድ የሚበላ፣ ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ ቂጣና ድርቆሽ ናቸው። ምን፣ መቼና በማን እንደሚበላ የሚወስኑት በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የደጋው ብርድና የሚያበቅለው እህል፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾምና የማኅሌት ሥርዓት፣ እንዲሁም በየቤቱ ጎተራ ውስጥ የቀረው እህል መጠን።

ረሃብና አምሮት

አማርኛ ለመብላት ፍላጎት ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። «ረሃብ» ማንኛውም ምግብ የሚያስታግሠው የሰውነት ፍላጎት ነው። «አምሮት» ግን ወደ አንድ የታወቀ ምግብ ያዘነብላል። ልዩነቱ በሰዋስው ውስጥም ይታያል። «ቆሎ አማረኝ» በሚለው ዓረፍተ ነገር የግሡ ባለቤት ቆሎው ነው፤ ተናጋሪው ተሳቢ ነው። «ራበኝ» በሚለው ግን በስም የሚጠራ ምግብ የለም።

አምሮት የሚለው ቃል በብዛት የሚነገረው ስለ ነፍሰ ጡር ሴቶች ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የሸተታትን ምግብ ሳትቀምስ መቅረት የለባትም የሚል እምነት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ስላለ፣ ቤተሰብና ጎረቤት ከሚበላው ያቀምሷታል። አምሮቱ እንደ አፈር ያለ ምግብ ያልሆነ ነገር ላይ ካረፈ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል በጤና ተቋም መታየት ይኖርበታል።

ሰውነት በሌሊት የሚርበው ለምንድን ነው?

የሰው ሰውነት ቀንና ሌሊትን የሚለይ የውስጥ ሰዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 12 ሰዎችን ለ13 ቀናት ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አስቀምጦ፣ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓታቸውን እያዛወረ የረሃብ ስሜታቸውን ለካ። ምግብም እንቅልፍም በየሰዓቱ ተበታትኖ ሳለ፣ በውስጣዊው ሰዓት አቆጣጠር ረሃብ ዝቅ ያለው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ከፍ ያለው ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጣፋጭ፣ ጨዋማና ስታርች የበዛበት ምግብ የመፈለግ ስሜትም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል።

ሁለተኛው ምክንያት የእንቅልፍ ማነስ ነው። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ተመራማሪዎች የተገኘ ሲሆን በዋናነት የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ሌፕቲን የተባለው ሌላ ሆርሞን ደግሞ የጥጋብ መልእክት ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ በ12 ጤናማ ወጣት ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ተኝተው ሁለት ሌሊት ሲያሳልፉ ግሬሊን በ28 በመቶ እንደጨመረና ሌፕቲን በ18 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ በማኅሌት፣ በጥበቃ ወይም በጥናት ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው የሚሰማው ረሃብ የምኞት ብቻ አይደለም።

በላስታ ብርዱም ይጨመራል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከከተማዋ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፣ በከፍተኛው ደጋ ውርጭ ይወርዳል። በብርድ ጊዜ ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል።

የሌሊት ምግብ ዓይነቶች

በገጠር ሌሊት እሳት ማንደድ ማገዶ ያስጨርሳል፣ የተኛውንም ቤተሰብ ይቀሰቅሳል። በዚህ ምክንያት በሌሊት የሚበላው ነገር በቀን ተሠርቶ የሚቀመጥ ነው።

ቆሎ፦ ተቆልቶ የሚበላ እህል ነው። በደጋው ዋናው የገብስ ቆሎ ሲሆን ከሽምብራ፣ ከስንዴ፣ ከባቄላ ወይም ከሱፍ ጋር ይቀላቀላል። ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ በኪስ ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይያዛል።

በሶ፦ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ነው። በውሃና በጨው፣ ሲገኝ በማር ወይም በስኳር ይበጠበጣል፤ ወይም ጠንከር ብሎ ታሽቶ እንደ ሊጥ ይበላል። እህሉ አስቀድሞ በመቆላቱ የበሰለ ስለሆነ ሌላ ምግብ ማብሰል አያስፈልገውም። በፍስክ ጊዜ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል።

ዳቦ፣ ቂጣና ዳቦ ቆሎ፦ ዳቦ የቦካ ሊጥ ሲሆን ቂጣ ሳይቦካ ይጋገራል። ዳቦ ቆሎ ከስንዴ ሊጥ ተቆራርጦ የሚቆላ ወይም የሚጠበስ ነው።

ድርቆሽ፦ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው። እንዲሁ ይቆረጠማል፤ ወይም በውሃ ወይም በወጥ ርሶ ይፈረፈራል። የተረፈ እንጀራ እንዳይሻግት ከሚደረጉ ዘዴዎች ዋናው ነው።

ንፍሮና አሹቅ፦ ንፍሮ የተቀቀለ እህል ወይም ጥራጥሬ ነው። አሹቅ በውሃ የራሰ ቆሎ ባቄላ ነው። ሁለቱም ከራት ጊዜ ተርፈው ለሌሊት ይቀመጣሉ።

እሸት፦ ሳይደርቅ የሚበላ የገብስ፣ የስንዴ ወይም የባቄላ ፍሬ ነው። ሰብል በሚደርስበት ወቅት ማሳውን ከአውሬ ለመጠበቅ ማማ ላይ ወይም በጎጆ የሚያድሩ ሰዎች እሳት ስለሚያነዱ እሸቱን ጠብሰው ይበላሉ። እሳት ላይ ከሚዘጋጁት ጥቂት የሌሊት ምግቦች አንዱ ይህ ነው።

አጥሚት፦ ከእህል ዱቄት የሚሠራ ትኩስ መጠጥ ነው። ለአራስ ሴት በማንኛውም ሰዓት፣ በሌሊትም ጭምር ይሠራላታል። እናት ሌሊት ስታጠባ ስለምትራብ ማገዶው ለእርሷ አይቆጠብም።

ጾምና የማኅሌት ሌሊቶች

በላስታ አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት በጾም ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም፤ በበዓለ ሃምሳ ካልሆነ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ንፍሮ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ስለሌለባቸው በጾምም በፍስክም ይበላሉ። ሆኖም ቁርባን የሚቀበል ሰው ቢያንስ ለ18 ሰዓት ከምግብና ከውሃ ይከለከላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡን በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እስከ 9 ሰዓት መጨረስ አለበት ማለት ነው። ቀዳሾቹ ካህናትና ዲያቆናትም ጾመው ያድራሉ።

በላሊበላ ትልቁ የሌሊት ሥርዓት የገና በዓል ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን) የሚከበር ሲሆን በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት የንጉሥ ላሊበላ የልደት ቀንም ነው። ከሩቅ በእግር የሚመጡ ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጋቢና ነጠላ ተከናንበው ያድራሉ። ጉዞው የሚደረገው ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ ስንቃቸው ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ድርቆሽ ነው። የከተማው ነዋሪዎች እንግዶቹን እግራቸውን አጥበው በመቀበልና ያላቸውን በማቅረብ ይታወቃሉ። በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» የተባለው ዝማሬ ሲቀርብ ከፊሎቹ ካህናት በዙሪያው ባለው ዐለት ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ይቆማሉ። ጾሙ የሚገደፈው ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ነው።

የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የሚራብበት ነው። በጸሎተ ሐሙስ ከተከካ ባቄላና ከስንዴ የሚሠራው ጉልባን ይበላል። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ከስቅለት ዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ይህም አክፍሎት ይባላል። ቅዳሴው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ዶሮ ሲጮኽ ካበቃ በኋላ ዶሮ ወጥ ይቀርባል። በብዙ ቤት ግን በቅድሚያ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ምክንያቱ 55 ቀን ከቅባት የራቀ ሆድ ድንገት በቅቤና በሥጋ እንዳይጎዳ ነው።

የቆሎ ተማሪዎች

ከቆሎ ጋር ስሙ የተያያዘው የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ ከመምህሩ አጠገብ በምትሠራ ትንሽ ጎጆ እያደረ ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ ወይም አቋቋም ይማራል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ እንጀራና ቆሎ በአኩፋዳው ይዞ ይመለሳል። ያልተበላው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል።

ትምህርቱ መጽሐፍ በብዛት የሌለው፣ በቃል የሚያዝ ስለሆነ ሌሊትና ንጋት የቅጸላ ጊዜ ነው። ተማሪው በጨለማ ዜማውን እየደጋገመ ሲነቃ የሚቆረጥመው ያው ቀን የለመነውን ነው። ለእርሱ የሌሊቱ ምግብ መጠን በምርጫው ሳይሆን በዕለቱ በከፈቱለት ደጆች ብዛት ይወሰናል።

በከተማና በዩኒቨርሲቲ

በላሊበላ ከተማ በምግብ ቤቶች ሽሮ፣ ፍርፍር፣ የእንቁላል ፍርፍርና ጥብስ ይበላል፤ በጠጅ ቤቶች ደግሞ ምሽቱ በማር ጠጅ ያልፋል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ከተሞች የሌሊት ምግብ ንግድ ሆኗል። በመንገድ ዳር ሳምቡሳ፣ በሚጥሚጣ የሚበላ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ እንዲሁም ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስና ቃሪያ ተጨምሮ የሚሸጠው እርጥብ ይገኛሉ።

በዩኒቨርሲቲዎች ግን የገጠሩ ሥርዓት እንደ አዲስ ይታያል። የተማሪዎች ራት በጊዜ ስለሚቀርብ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያጠና ተማሪ ይርበዋል፤ በማደሪያ ክፍል ምግብ ማብሰል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክልክል ነው። ስለዚህ ወላጆች በዓመቱ መጀመሪያ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያስይዛሉ። በሶ በስኳር መበጥበጥ በማደሪያ ክፍሎች የታወቀ የሌሊት ምግብ ነው።

በረመዳን

የሰሜን ወሎ ሙስሊሞች በረመዳን ወር ንጋት ሳይቀድ የሚበሉት ምግብ ሱሁር ይባላል። ከአምሮት የሚለየው ለቀኑ ጾም ታስቦ የሚበላ መሆኑ ነው። ሱሁር በእስልምና የተወደደ ሱና ስለሆነ ሰው ባይርበውም ተነሥቶ ጥቂት እንዲቀምስ ይመከራል።

ጤና

እህል ከነገለባው ሲበላ የያዘው አሰር ቶሎ ስለማይፈጭ ረሃብን ለረጅም ጊዜ ያስታግሣል። በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ-ግሉካን የተባለ አሰር በውሃ ሲርስ ስለሚወፍር ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በአንጻሩ በርበሬና ቅባት የበዛበትን ምግብ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃር ሊያስነሣ ይችላል፤ የሚመከረው ከመተኛት በፊት ከ2 እስከ 3 ሰዓት መቆየት ነው።

በየሌሊቱ ከእንቅልፍ እየተነሡ ካልበሉ መልሶ ለመተኛት መቸገር ግን ከተራ ረሃብ የተለየ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ስተንካርድ እ.ኤ.አ. በ1955 የሌሊት የመብላት ሕመም ብሎ የገለጸው ከዚህ ዓይነት ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሕክምናም አለው። የስኳር ሕሙማን በተለይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በሌሊት የሚሰማቸው ድንገተኛ ረሃብ፣ ላብና መንቀጥቀጥ የደም ስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ የሚፈጭ ጣፋጭ ነገር መውሰድ ያስፈልጋቸዋል።

ጎተራ ሲጎድል

ላስታ መሬቱ ተዳፋትና የተጎሳቆለ፣ ዝናቡም የማይታመን አካባቢ ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ወሎን ከመቱት ረሃቦች ከተጎዱት ስፍራዎች አንዱ ነበር። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሰሜን ወሎ የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ እየተሳተፉ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛሉ።

በመኸር ምርት ለሚተዳደር ቤተሰብ አስቸጋሪው ጊዜ ክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ይገኛል። በዚህ ወቅት ራት ስለሚሳሳ ሌሊት የሚራበው ሰው ይበዛል። ሌሊት የሚቆረጠም ቆሎ ደግሞ ለዘር ወይም ለነገ ምሳ ከተቀመጠው እህል ላይ የሚቀነስ ይሆናል። በጥቅምት ለጨዋታ ማድመቂያ የሚቀርበው እፍኝ ቆሎ በነሐሴ ለልጆች ተቆጥሮ ይሰጣል። በላስታ የሌሊት ምግብ አምሮት ወይም ረሃብ መሆኑን የሚለየው እንግዲህ የምግቡ ዓይነት አይደለም፤ ምግቡ ያው ቆሎ ነው፣ የሚለየው ወሩ ነው።