ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ልጅ፦ በአሜሪካ ድንበር ስለተለያዩ ቤተሰቦች ቦልቢን ተቃውሞ

ሰው ሲታሰር ኪሱ ይፈተሻል። ገንዘቡ ተቆጥሮ ይመዘገባል፣ ሰነዱ በፖስታ ይታሸጋል፣ መኪና ካለው እሱም ተመዝግቦ ይቆምለታል። ሲፈታ ፈርሞ ይረከባል። የሳንዲያጎው ፌዴራል ዳኛ ዴና ሳብራው ጁን 26 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በድንበር ላይ ከወላጆቻቸው የተነጠሉ ልጆች እንዲመለሱ ሲያዝዙ ያነሡት ይህንኑ ነበር፤ መንግሥት ለስደተኛው ንብረት ያደረገውን ያህል ጥንቃቄ ለልጁ አላደረገም አሉ። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን የዳኛውን ቃል እንደ ምሬት ቆጥረው ያልፉታል። እኔ ግን የጉዳቱ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ በኤፕሪል 2018 «ዜሮ ቶለራንስ» የተባለውን ፖሊሲ አወጁ፤ ያለፈቃድ ድንበር የተሻገረ ጎልማሳ ሁሉ በወንጀል ይከሰስ ተባለ። ወላጅ ወደ እስር ሲሄድ ልጅ «አሳዳጊ የሌለው» ተብሎ ለጤናና ሰብአዊ አገልግሎት ሚኒስቴር ይተላለፋል። መለያየቱ ጁን 20 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ቆመ። ዳኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉት በ14፣ የቀሩት በ30 ቀን እንዲመለሱ ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 2,737 ልጆች ተለይተው ታውቀው ነበር። በኤልፓሶ በ2017 የተደረገው የመለያየት ሙከራ ሲታከል ቁጥሩ በብዙ ከፍ ይላል።

ጠቡ የሚጀምረው «ጉዳቱ ምንድን ነው?» ሲባል ነው። ሁሉም የሚመልሱት ከእንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከጆን ቦልቢ ተውሰው ነው። ቦልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጥናት ከእናቱ የተነጠለ ሕፃን በአካልም በአእምሮም እንደሚጎዳ አስረዳ። የሥራ ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በበኩሉ ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ልጅ በፊልም ቀርጾ በ1952 አሳየ። ከሁለቱ ሥራ የታወቀው ቅደም ተከተል ወጣ፦ ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ወላጁ ቢመጣም ፊቱን ያዞራል። በ2018 የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ፕሬዚዳንት ኮሊን ክራፍት ድርጊቱን በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል ብለው ሲያወግዙ ከጀርባቸው ያለው የምርምር ዘር ይኸው ነው። ውግዘቱን እጋራለሁ፤ ምርመራውን አልጋራም።

የቦልቢ ልጆች እነማን ነበሩ? የፊልሟ ልጅ አልጋ አላት፣ ካርድ አላት፣ ወላጆቿ እየመጡ ይጠይቋታል፤ ከስምንት ቀን በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቦልቢ ከኢማኑኤል ሚለርና ከዶናልድ ዊኒኮት ጋር በዲሴምበር 1939 ለብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ደብዳቤ የጻፈላቸው፣ ቦምብ ይወርዳል ተብሎ ከለንደን ወደ ገጠር የተላኩት ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ላየ፣ በየልጁ ኮት ላይ በክር የታሰረ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይታያል፤ እንደ ሻንጣ። ልጁ ከደረሰ በኋላ አዲሱን አድራሻ ለቤተሰቡ የሚልክበት ፖስት ካርድ ይሰጠዋል። እነዚህ ልጆች አልተጎዱም አልልም። የሕፃናት ሥነ ልቦና ተንታኞቹ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም በጦርነቱ ጊዜ ከቦምቡ ይልቅ መለያየቱ እንደከፋባቸው ጽፈዋል። ነገር ግን የት እንዳሉ ይታወቅ ነበር። ቦልቢ ወረቀቱን አላየውም፤ ሁልጊዜ በቦታው ስለነበረ እንደ አየር ቆጠረው። ንድፈ ሐሳቡ የተሠራው አድራሻ ባላቸው ልጆች ላይ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ሩተር በ1972 መለያየቱ ብቻውን ሳይሆን የሚፈጸምበት ሁኔታ ወሳኝ ነው ብሎ ቦልቢን ማረሙ ይታወቃል። እሱም ግን ስለ መዝገብ አላነሣም።

አሁን ማንም በወጉ ወዳላነበበው ምንጭ ልምጣ። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በሴፕቴምበር 2018 ያወጡት ሪፖርት ደረቅ የቢሮ ጽሑፍ ነው። የድንበር ጠባቂው ኃይል አፍ ላልፈቱ ሕፃናት የእጅ ላይ መለያ አያስርም፤ አብዛኞቹን ልጆች ፎቶ አያነሣም፣ አሻራም አይወስድም ነበር ይላል። ሚኒስቴሩ አለኝ ያለውን ማዕከላዊ የመረጃ ቋት መርማሪዎቹ ፈልገው መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አጡ። በእጅ የተሞላ ሰንጠረዥ ነው ያገኙት። የኖቬምበር 2019ኙ ሪፖርት ደግሞ ጉድለቱ ከኤልፓሶው ሙከራ ጀምሮ ይታወቅ እንደነበር፣ እንዲያውም ከ26,000 በላይ ልጆች ይነጠላሉ ተብሎ ተገምቶ እንደነበር ያሳያል። በ2017 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ መካከል ብቻ ዝምድናቸው በትክክል ያልተመዘገበ ሊሆን የሚችል 1,233 ተጨማሪ ልጆች ተገኝተዋል።

ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። በኛ ልማድ እናትና ልጅ የጋራ የአባት ስም የላቸውም፤ ወረቀቱ ከጠፋ ስም ለስም አያይዞ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከዚያም በላይ «እርም ማውጣት» የሚባል ነገር አለን። ሰው ሲሞት መርዶ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል። ቁርጡ ያልታወቀ ግን እርም አይወጣለትም፤ ወገኑ በሕይወትና በሞት መካከል ተሰቅሎ ይቀራል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ካልታወቀ ወታደሮች ቤተሰቦች ተነሥታ ያጠናችው ይህንን ነው፤ የድንበሩ ጉዳይ ከቦልቢ ይልቅ ለእሷ ይቀርባል።

በጤና ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር የሴፕቴምበር 2019 ሪፖርት ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ አለ። ከአባቱ ተነጥሏል፣ ለምን እንደሆነ አልተነገረውም። አባቴ ተገድሏል፣ እኔም እገደላለሁ ብሎ አመነ፤ አስቸኳይ የአእምሮ ሕክምና እስኪያስፈልገው ደረሰ። የቦልቢ የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ ተከታይ ይህን የመነጠል ሰቆቃ ይለዋል። እኔ ራሱ ለራሱ መርዶ የነገረ ልጅ ነው እላለሁ። አንድ የስልክ ጥሪ ያድነው ነበር፤ ለመደወል ደግሞ አባትየው ያለበትን የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ለድምዳሜ አይበቃም፤ ይህን ለወጉ ያህል እናገራለሁ።

ዳኛ ሳብራው ፊት በቀረበው መዝገብ «ወይዘሮ ኤል» የተባለችው ኮንጓዊት እናት ሌላው ማስረጃ ናት። በሕጋዊው መግቢያ ቀርባ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ኖቬምበር 2017 ላይ ልጇን ወሰዱባት፤ እናት ሳንዲያጎ፣ ልጅ ቺካጎ። እናትነቷ ስላጠራጠረ ነው ተባለ። የዘረመል ምርመራው ግን ከወራት በኋላ ነው የተደረገው፤ ውጤቱም እናት መሆኗን አረጋገጠ። ይህ ሁሉ ጊዜ ያለፈው አንድ ሰው ሊያደርገው ይችል የነበረ ምርመራ ሳይደረግ ነው። ከ400 በላይ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸውን አሜሪካ ትተው ተባርረዋል፤ ብዙዎቹን ለማግኘት ጠበቆች በጓቲማላና በሆንዱራስ መንደር ለመንደር ዞረዋል።

«መዝገቡ የተሟላ ቢሆን ኖሮ መለያየቱ ይፈቀድ ነበር ማለት ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አልወጣኝም። በሚገባ የተመዘገበ ግፍም ግፍ ነው፤ ያልተመዘገበው ግን ካሣም ፍርድም አይደርሰውም። በቀደሙት አስተዳደሮችም ልጆች ይነጠሉ ነበር የሚለው ክርክር እውነትነት ቢኖረውም ከዚህ ጥያቄ ጋር አይገናኝም። የሐኪሞችን ሥራ አሳንሰሃል ለሚሉኝ፣ የሐኪም ማስረጃ የሚሰበሰበው ታካሚው ሲገኝ መሆኑን አስታውሳለሁ።

በዲሴምበር 2023 ዳኛው ያጸደቁት የስምምነት ውል መሰል መለያየት እንዳይደገም ይከለክላል። ክልከላው ለስምንት ዓመት ነው፤ በ2031 መጨረሻ ያበቃል።