ጊደሯ ከማን ጋር ዋለች?

ኑ ወዲህ፣ ጠጋ በሉ! ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ የማያውቅ የዳንግላ ሰው የለም። የጋዜጣና የመጽሔት ፎቶም እንደዚያች ጊደር ነው፤ አብሮት የዋለውን ይመስላል።

ከዚሁ ከሰፈራችን ልነሣ። በፈረንጆቹ ከ1925 እስከ 1934 ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ዳንግላ ተቀምጦ ነበር። በቅሎ አስጭኖ ጣናን ይዞራል፣ የዓባይን ሸለቆ ይወርዳል፣ ካርታ ይሠራል፣ ፎቶ ያነሣል። በ1936 መጽሐፉ ሲወጣ ፎቶዎቹ ከማን ጋር ዋሉ? ከውኃው ካርታ ጋር! እንግሊዝ ያኔ በጣና ውኃ የሱዳንን ጥጥ ለማጠጣት ቋምጣ ነበርና።

በፈረንጆቹ 1935 ደግሞ አልፍሬድ አይዘንስታት የሚባል ጀርመናዊ ፎቶ አንሺ መጣ። ባነሣው ፎቶ ላይ አንድ ወታደራችን በደረቱ ተኝቷል፤ ካሜራው ከእግሩ በኩል ነው። ባዶ እግር፣ ጭቃ የደረቀበት ሻካራ ውስጥ እግር። ፊት የለም። ጣሊያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ስትመጣ ያ እግር ከጦር ወሬ ጋር ዋለ። አንዱ ድህነት አየበት፤ ሌላው ጀግና።

በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ጃንሆይ ሲመርቁ፣ ጃንሆይ ሲሸልሙ፣ ጃንሆይ እንግዳ ሲቀበሉ! ፎቷቸው ለዓመታት ከምስጋና ጋር ዋለ።

ወሎ ተራበ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሃቡን በፊልም ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንን ፊልም በቴሌቪዥን ለቀቀው፤ በመሐል በመሐሉ ግን የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ አስገባበት። ድግሱ ትናንት ክብር ነበር። ያን ማታ ከተራበ ሕፃን አጠገብ ሲቀመጥ ነውር ሆነ። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

አሥር ዓመት አለፈ። በ1977 ጥቅምት ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ ዓለምን አስለቀሰ። ያ ምስል ደግሞ ከዘፈን ጋር ዋለ፤ የፈረንጅ ዘፋኞች ተሰብስበው እርዳታ አሰባሰቡ። እህሉ መጣ፤ የአገራችን ስም ግን ከረሃብ ጋር ውሎ ከረሃብ ጋር አደረ።

ዛሬ ካሜራው በየኪሳችን ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኛ አቧራ እያስነሣ ሲጋልብ በስልክህ አንሥተህ «በዓል» ብትልበት በዓል ነው። ያንኑ ፎቶ ሌላው «ጦር ተነሣ» ብሎ ቢለጥፈውስ? ያው ፈረስ፣ ያው አቧራ፣ ያው ፈገግ ያለ ጋላቢ ጦር ሆኖ ያድራል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጊደሯ ማታ ስትመጣ ከማን ጋር እንደዋለች ሳትጠይቁ በረት አታስገቧት።