ቱርማሌን ቀድሞ ያየው ሰው

ዛሬ ረጅም የሳይክል ጉዞ የሚያቅድ ሰው ዳገቱን ስልኩ ላይ በሜትር ቆጥሮ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1910 አልፎንስ ስቴይኔስ ግን ሄዶ ማየት ነበረበት።

ስቴይኔስ ቱር ደ ፍራንስን በሚያዘጋጀው ሎቶ የተባለ ጋዜጣ ነበር የሚሠራው። ውድድሩ በፒሬኔ ተራሮች ይለፍ ብሎ አለቃውን አንሪ ዴግራንዥን የወተወተውም እሱ ነው። 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱርማሌ መሻገሪያ ሊያይ በመኪና ወጣ፤ በረዶ መንገዱን ዘጋው። ሾፌሩ ተመለሰ፣ እሱ በጨለማ በእግሩ ቀጠለ። በረዶ ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ ሌሊት ላይ ፈላጊዎች ደረሱለት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለዴግራንዥ ቴሌግራም ላከ፦ ቱርማሌን ተሻገርኩ፣ መንገዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ያሳልፋል።

ውሸት ነው? በበጋ በረዶው እንደሚቀልጥ ያውቃል። (እኛም ኮድ ጽፈን «ይሠራል» ስንል አንዳንዴ እንዲሁ ነው።) የሚጋልቡት ግን ሌሎች ናቸው።

ጁላይ 21፣ ከሉሾን እስከ ባዮን፣ 326 ኪሎ ሜትር፣ እንደ ዛሬው ማርሽ በማይቀያይር ሳይክል። ኦክታቭ ላፒዝ ቱርማሌን ቀድሞ ያለፈው አንዳንዴ ወርዶ ሳይክሉን እየገፋ ነው። ኦቢስክ ተራራ ላይ አዘጋጆቹን ሲያይ፣ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ጮኸባቸው። የዕለቱንም የዓመቱንም ውድድር ያሸነፈው እሱ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ቱሩ እንደገና በቱርማሌ አለፈ።